አንድ እፍኝ ዘቢብ በለንደን ብርድ

በታኅሣሥ ወር ለንደንን ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስለ ብርዱ ነው። ከብርዱ በላይ የሚያስደንቀው ግን የቀኑ ማጠር ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ፀሐይ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ቀኑ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሌሊቱ ከ16 ሰዓት ይበልጣል። ሰው ይህን ረጅም ሌሊት መብራት አብርቶ፣ ማሞቂያ ከፍቶ፣ ሻይ አፍልቶ ያሳልፈዋል። ወፍስ?

ሮቢን የምትባለውን ደረተ ቀይ ትንሽ ወፍ እንውሰድ። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ነው፤ አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ያን ረጅም ሌሊት የምታልፈው ቀን ላይ በበላችውና በሰውነቷ ባጠራቀመችው ጥቂት ስብ ነው። በብርቱ ብርድ ቀን በቂ ምግብ ካላገኘች ጠዋቱን ላታየው ትችላለች። እንግሊዝ አገር ብዙ ሰው በጓሮው ለወፍ ምግብ የሚያስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሳምንት ሁለት የለንደን መናፈሻዎችን፣ ማለትም ፓርኮችን፣ እንጎበኛለን። ከዚያም ወደ አንድ የአበሻ ቤት ጓሮ እንገባለን። ይዘን የምንዞረው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ከቤታችን የማይጠፋውን ዘቢብ፣ ቴምርና የደረቀ በለስ ለወፍ ብንሰጥ ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳታል? መልሱ የሚወሰነው ምን፣ የት፣ እንዴትና ምን ያህል እንደምንሰጥ ነው።

ሴንት ጄምስ ፓርክ፦ የምናይበት እንጂ የማናበላበት ቦታ

ሴንት ጄምስ ፓርክ ከበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ይጀምራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ኋይትሆል አቅጣጫ ይዘልቃል። መሐሉ ላይ ረጅም ሐይቅ አለ። በሐይቁ ላይ ዳክዬዎች፣ ዝዮችና ትልልቅ መንቁር ያላቸው ፔሊካኖች ይታያሉ። መንቁር ማለት የወፍ አፍ ነው።

የፔሊካኖቹ ታሪክ ረጅም ነው። የመጀመሪያዎቹ እዚህ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1664 የሩሲያ አምባሳደር ለንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በስጦታ ሲያበረክቷቸው ነው። ዛሬም የመናፈሻው ሠራተኞች ዓሣ ያበሏቸዋል። ፔሊካን ለኢትዮጵያዊም እንግዳ አይደለም። ዝዋይ ሐይቅ ዳር አጥማጆች የዓሣ ትርፍራፊ ሲጥሉ፣ ፔሊካንና አባ ኮዳ ጎን ለጎን ቆመው ተራቸውን ሲጠብቁ ያየ ሰው ለንደን ላይ ያስታውሰዋል።

ሐይቁ ዳር ብዙ ጊዜ ሕፃናት የዳቦ ቁራሽ ይዘው ይመጣሉ። ዳክዬዎቹ ሲንጋጉ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን ዳቦ የዳክዬን ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነቷ የሚፈልገውን አይሰጣትም። ያልተበላው ዳቦ ውኃ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ውኃውን ያበላሻል፤ አይጥም ይጠራል። አንድ ልጅ አንድ ቁራሽ ቢጥል ምንም አይደለም እንል ይሆናል። ወደዚህ መናፈሻ የሚመጣው ግን አንድ ልጅ አይደለም፤ ከዓለም ሁሉ የሚመጣ ጎብኚ ነው። ሁሉም አንድ አንድ ቁራሽ ቢጥል ሐይቁ ዳቦ ቤት ይሆናል። ስለዚህ የንጉሣዊ መናፈሻዎቹ አስተዳደር ጎብኚዎች እንስሳቱንና ወፎቹን እንዳይመግቡ ይጠይቃል። ዘቢብም ከዚህ አያመልጥም። በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የምንወስደው ፎቶ ብቻ ይሁን።

ኬንሲንግተን ጋርደንስ፦ እጅ ላይ የሚያርፉት በቀቀኖች

ከሴንት ጄምስ ፓርክ ተነስተን፣ በግሪን ፓርክ አልፈን፣ ሃይድ ፓርክን አቋርጠን ወደ ምዕራብ ብንሄድ፣ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ኬንሲንግተን ጋርደንስ እንደርሳለን። መንገዱ ከሞላ ጎደል በዛፍና በሣር መሐል ነው፤ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ትልቅ መንገድ ያቋርጣል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1912 የቆመ የፒተር ፓን ሐውልት አለ። ሐውልቱ አካባቢ ከዛፎቹ ላይ ጩኸት ይሰማል። ቀና ስንል አረንጓዴ በቀቀኖች፣ ማለትም ፓሮቶች፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይበራሉ። በብርዷ ለንደን በቀቀን!

የእነዚህ በቀቀኖች ዝርያ የተፈጥሮ አገሩ ሰፊ ነው። በአፍሪካ ከሰሃራ በረሃ በታች ካለው ምድር እስከ ኢትዮጵያ ይገኛል፤ በእስያ ደግሞ በሕንድና በፓኪስታን። በዘር ላይ የተደረገ ጥናት የእንግሊዞቹ በአብዛኛው ከእስያ እንደመጡ ያሳያል። ሰው በቤቱ ከሚያረባቸው ያመለጡ ወይም የተለቀቁ ናቸው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በዱር እየተራቡ መጥተዋል።

ሰዎች እዚህ ቆመው የፖም ቁራጭና ዘቢብ በእጃቸው ይዘረጋሉ። በቀቀኖቹ እጅ ላይ፣ ትከሻ ላይ፣ አንዳንዴም ራስ ላይ ያርፋሉ። ለፎቶ ያምራል። አስተዳደሩ ግን እዚህም አትመግቡ ይላል። ምግብ ካለ ወፎቹ በአንድ ቦታ በብዛት ይሰበሰባሉ፤ ተጨናንቀው ሲበሉ በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል። ጠንካራዎቹ ደካሞቹን ያባርራሉ። ከወፍ እግርና መንቁር ወደ ሰው እጅ የሚተላለፍ ጀርምም አለ፤ ሳልሞኔላ አንዱ ነው።

ታዲያ ወፍን ለመርዳት የሚፈልግ ልጅ የት ይሂድ? ወደ ቤቱ ጓሮ ወይም በረንዳ። እዚያ ሳህኑን የሚያስቀምጠው እሱ ነው፤ የሚያጥበው እሱ ነው፤ መጠኑንም የሚወስነው እሱ ነው።

ሰሜን ለንደን፦ የእማማ ጓሮ

ሰሜን ለንደን ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከተያያዙ ቤቶች በአንዱ፣ ሁሉም ሰው «እማማ» የሚላቸው አንዲት እናት አሉ። ጓሯቸው ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ቆሞ ቡና ቢጠጣ ትሞላለች። በአንድ ጥግ የጤና አዳም ማሰሮ አለ። በሌላው ጥግ ከእንጨት ምሰሶ ላይ ትንሽ የሸክላ ጣባ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ዛሬ እኔ ላድርገው» ትላቸዋለች የልጃቸው ልጅ፤ አሥር ዓመቷ ነው።

«አድርጊው የኔ ልጅ። መጀመሪያ ግን ጣባዋን እጠቢያት። የትናንቱ ላይ እንዳትጨምሪ።»

ዘቢቡ ማታ በውኃ ተዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ አድሯል። መዘፍዘፍ ማለት አንድን ነገር እስኪለሰልስ ድረስ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ መተው ነው። ልጅቷ ዘቢቡን በማጥለያ አጠለለችና ጣባው ላይ በተነችው። ቆጠርኩት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው።

«ይህን ከማን ተማሩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሳቁ። «እኛማ በልጅነታችን ማማ ላይ ወጥተን፣ ወንጭፍ ይዘን፣ ማሽላው እንዳይበላ ወፍ ስንጠብቅ ነው የምንውለው። ግሪሳ ከመጣ እኮ አንድ ማሳ ባዶ ያስቀራል። እዚህ መጥቼ ደግሞ ወፍ ጋባዥ ሆንኩ። ጎረቤቴ ናት ያስተማረችኝ፤ ዘቢቡን ዘፍዝፊው፣ ከፍ አድርጊው አለችኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ በሉ። «ወፍ መጠበቅ» በገጠር አነጋገር ወፍን መንከባከብ አይደለም፤ እህሉን ከወፍ መጠበቅ ነው። ግሪሳ በትልቅ መንጋ እየመጣ ማሽላ የሚበላ ትንሽ ወፍ ነው። ስለዚህ ወፍ ለገበሬ ልጅ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። እማማ ሁለቱንም ያውቃሉ፤ ማባረሩንም መጋበዙንም።

ብዙም ሳንቆይ ብላክበርድ መጣች። ተባዕቱ፣ ማለትም ወንዱ፣ ጥቁር ነው፤ መንቁሩ ብርቱካንማ ቢጫ ነው። እንስቷ ቡናማ ናት። ብላክበርድ ከጓሮ ወፎች ሁሉ ዘቢብ ወዳጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሮቢኗ ደግሞ አጥሩ ላይ ሆና ተራዋን ጠበቀች።

ዘቢብ በወፍ ሆድ ውስጥ

ዘቢብን የማያውቅ የአበሻ ቤት የለም። ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ «ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ» ተብሎ ይቀርባል፤ ለቅዳሴው የሚዘጋጀው ከዚሁ በውኃ ከሚዘፈዘፍ ዘቢብ ነው። በሙስሊም ቤት ደግሞ በረመዳን ጾም የሚፈታው በቴምር ነው። እንግዲህ የደረቀ ፍሬ ለእኛ የክብር ምግብ ነው። ለወፍ ግን ደንብ አለው።

ዘቢብ የደረቀ ወይን ነው። ትኩስ ወይን 80 ከመቶው ውኃ ነው። ሲደርቅ ውኃው ይሄዳል፤ ስኳሩ ይቀራል። በ100 ግራም ዘቢብ ውስጥ 60 ግራም ያህል ስኳር አለ። በብርድ ቀን ይህ ጥሩ ነዳጅ ነው። ፕሮቲንና ስብ ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ዘቢብ ለወፍ ቁርስ ላይ የሚጨመር ጣፋጭ ነው እንጂ ሙሉ ምግብ አይደለም።

የምንዘፈዝፈውስ ለምንድን ነው? ደረቅ ነገር ሆድ ገብቶ ውኃ ይፈልጋል። ውኃው ሁሉ በረዶ በሆነበት ጠዋት ወፏ ያንን ውኃ ከየት ታመጣለች? በፀደይ ደግሞ እናት ወፍ ለጫጩቶቿ ምግብ ይዛ ትሄዳለች። ጫጩት ጎጆ ውስጥ ሆና ውኃ አትጠጣም፤ ውኃ የምታገኘው ከምግቡ ነው። ደረቅ ዘቢብ ይዛላት ብትመጣ ይከብዳታል። የራሰ ዘቢብ ለስላሳ ነው፤ ለትንሽ ጉሮሮም ይመቻል።

አሠራሩ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ምንም ያልተጨመረበትን ምረጡ። ስኳር የተነሰነሰበት፣ ጨው የነካው፣ ቸኮሌት የተቀባ አይሆንም። ቸኮሌት ለወፍ መርዝ ነው። የፓኬቱን ጀርባ ማንበብ ልመዱ፤ «ዘቢብ» ብቻ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ በንጹሕ ውኃ እጠቡትና ለብ ባለ ውኃ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ማደር ካለበት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ሙቅ ክፍል ውስጥ ካደረ መፍላት ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ ትልቁን ቁረጡ። ቴምር፣ በለስና አፕሪኮት ፍሬያቸው ወጥቶ፣ የአተር ፍሬ ያህል ሆነው ይከተፉ።

አራተኛ፣ ጥቂት ስጡ። ወፎቹ በአንድ ቀን የሚጨርሱት ብቻ ይሁን። «ማር ሲበዛ ይመራል» ይላሉ አባቶች። ጠዋት የቀረበው ማታም ካለ፣ ነገ በግማሽ ቀንሱ።

አምስተኛ፣ አጠገቡ ንጹሕ ውኃ አስቀምጡ፤ በየቀኑም ቀይሩት። እንዳይረጋ ብላችሁ ጨው አትጨምሩበት።

ከዘቢቡ ጋር ያልበሰለ አጃ ወይም የሱፍ ፍሬ ብትቀላቅሉ ገበታው ይሟላል። አጃው ግን ገንፎ ሆኖ ከተሠራ አይሰጥም፤ መንቁር ላይ ተጣብቆ ይደርቃል። የተፈጨ ደረቅ ኮኮናትም በደረቁ አይሰጥም፤ ሆድ ውስጥ ያብጣል። የወጥ ትራፊና ጨው ያለበት ቆሎ ለእኛ እንጂ ለወፍ አይደለም፤ ትንሽ ሰውነት ጨውን አይችልም። አቮካዶም እንደ ቸኮሌት ለወፍ መርዝ ነው።

ከፍ ይበል፤ ለውሻው ሲባል

እማማ ጣባዋን ምሰሶ ላይ የሰቀሉት ለማማር አይደለም። የጎረቤት ውሻ አንዳንዴ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። ወይንና ዘቢብ ደግሞ ለውሻ አደገኛ ነው፤ ኩላሊቱን ሊያበላሽና ሊገድለው ይችላል። አንዱን ውሻ ብዙ በልቶ ምንም አይለውም፤ ሌላውን ጥቂቱ ይጎዳዋል። አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ውሻ ባለበት ግቢ ዘቢብ መሬት ላይ አይበተንም። ውሻ ዘቢብ መብላቱን ካወቃችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ።

ድመትም አለች። ጣባው ከቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ ድመት ተደብቃ ትዘላለች፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ወፏ ጭልፊት ሲመጣባት መሸሸጊያ አታገኝም።

ከድመቷ የሚብሰው ግን የማይታየው ጠላት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በእንግሊዝ ጓሮዎች ትሪኮሞኖሲስ የሚባል በሽታ በትንንሽ ወፎች ላይ ታየ። በሽታው የወፏን ጉሮሮ ያሳብጣል፤ ምግብ ከፊቷ እያለ መዋጥ ያቅታታል። ግሪንፊንች የምትባለው አረንጓዴ ወፍ ክፉኛ ተጎዳች። በየጓሮው የምትታይ ወፍ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ግን የብሪታንያ ወፎች የአደጋ ዝርዝር ውስጥ በቀይ ተመዘገበች።

በሽታው የሚተላለፈው እንዴት ነው? የታመመች ወፍ ምግቡን አንስታ፣ መዋጥ አቅቷት፣ በምራቋ አርሳ መልሳ ትጥለዋለች። ጤነኛዋ ትመጣና ታነሳዋለች። እንግዲህ ሰው በፍቅር ያስቀመጠው ሳህን የበሽታ መገናኛ ሆነ ማለት ነው። መልካም ልብ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ተውሳኩ እርጥበት ይወዳል፤ ድርቀት ይገድለዋል። ስለዚህ ሳህኑ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ ከዚያ ይሞላ። የራሰ ፍሬ ያለበት ሳህን ደግሞ በየቀኑ ይታጠብ። ማጠቢያው ብሩሽ ለወፍ ብቻ ይሁን፤ ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይቀላቀል። ማታ የተረፈው ይነሳ፤ ያለዚያ አይጥ ይመጣል። ሻጋታ ያየንበት ፍሬ ወደ ቆሻሻ እንጂ ወደ ወፍ አይሄድም። ላባዋን ነፍታ የተቀመጠች፣ ሰው ሲቀርባት የማትበር ወፍ ካያችሁ ምግቡን ለሁለት ሳምንት ያህል አንሱ፤ ወፎቹ ይበተኑ። ሥራው ሲያልቅ እጅ በሳሙና ይታጠባል። የወፍ ጉንፋን በአካባቢው አለ ከተባለ ደግሞ የአገሩ ባለሥልጣናት የሚሉትን ስሙ።

ባለ ጥቁር ቆቧ

ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ ሊደክም ሲል፣ እማማ በመስኮት አሳዩኝ። አንዲት ግራጫ ትንሽ ወፍ ጣባው ላይ አርፋለች። ራሷ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋች ትመስላለች። ብላክካፕ ትባላለች፤ ትርጉሙም «ጥቁር ቆብ» ነው። ጀርመኖች ስሟን ከመነኩሴ ጋር አያይዘውታል። ቆብ መድፋት ማለት መመንኮስ እንደሆነ ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ስም ወዲያው ይገባዋል። ጥቁሩ ቆብ የተባዕቱ ነው፤ የእንስቷ ቡናማ ነው።

የዚህች ወፍ ታሪክ ለዛሬው ጥያቄያችን ትልቁን መልስ ይዟል።

ብላክካፕ ተጓዥ ወፍ ናት። በበጋ በአውሮፓ ጫካዎች ትራባለች፤ ብርድ ሲመጣ ወደ ሞቃት አገር ትሄዳለች። በመካከለኛው አውሮፓ የምትኖረው ድሮ በአብዛኛው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ስፔንና አካባቢው ትበር ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን ቁጥራቸው እየጨመረ የሄደ ብላክካፖች ወደ ስፔን መሄድ ትተው ወደ ብሪታንያ መምጣት ጀመሩ። ለምን? የአየሩ መለዘብ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የሰው እጅ ነው። በብሪታንያ ጓሮዎች ስብ፣ ፖምና ዘቢብ ነበር።

ሳይንቲስቶች ይህ ልማድ ብቻ መሆኑን ለማወቅ ፈለጉ። በብሪታንያ የሚከርሙትን ይዘው ጀርመን ውስጥ አራቧቸው። ጫጩቶቹ ብሪታንያን አይተው አያውቁም። የመሄጃቸው ወቅት ሲደርስ ግን ልክ እንደ ወላጆቻቸው ወደ ምዕራብ አቅጣጫ ዞሩ። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1992 ታተመ። መንገዱ በዘር ይወረሳል ማለት ነው። በደቡብ ጀርመን የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ ብሪታንያ የሚሄዱት ክንፋቸው ይበልጥ ክብ፣ መንቁራቸውም ቀጠን ያለና ረዘም ያለ መሆኑን አሳየ። አጭር መንገድ ለሚበር ረጅም ክንፍ አያስፈልገውም። ከጓሮ ሳህን ለሚበላም የዱር ፍሬ ለመዋጥ የሚሆን ሰፊ መንቁር የግድ አይደለም።

እስቲ አስቡት። ሰዎች በየመስኮታቸው ሥር ጥቂት ምግብ አስቀመጡ። ማንም የወፍን መንገድ እቀይራለሁ ብሎ አልተነሳም። ግን በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የወፏ መንገድ ተቀየረ፤ ሰውነቷም መቀየር ጀመረ። እፍኝ ዘቢብ ትንሽ ነገር አይደለም ማለት ይህ ነው። በየዓመቱ ወደዚያ ጓሮ ለምትመለስ ወፍ፣ ሳህኑ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የብላክካፕ ታሪክ በለንደን አያበቃም። በምሥራቅ አውሮፓ የሚኖሩት ዘመዶቿ ወደ ምዕራብ አይሄዱም። ሜዲትራኒያንን በምሥራቅ በኩል ዞረው፣ በእስራኤል በኩል አልፈው፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳሉ። ብዙዎቹ የሚከርሙት በኢትዮጵያ ደጋ ነው። በመስቀል ሰሞንና ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ ፋሲካ አካባቢ ይመለሳሉ። እዚያ ሳህን የሚያስቀምጥላቸው የለም። ሳህናቸው ዛፉ ነው።

ጎጃም ወይም ጎንደር የሄደ ሰው በእርሻ መሐል እንደ ደሴት የቆሙትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አይቷል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ሾላ፣ ዋርካ በግቢው ይገኛሉ። እነዚህ ዛፎች ፍሬ ያፈራሉ፤ ወፎች ይበሉታል፤ ዘሩንም ሌላ ቦታ ወስደው ይጥሉታል። ዛፉ ለወፏ ምግብ ይሰጣል፤ ወፏ ለዛፉ ልጅ ትተክልለታለች። ፍሬው ዛፉ ላይ ሲቆይ ይደርቃል፤ ያም ይበላል። ከሁሉ የበለጠው የወፍ ምግብ ቤት ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ነው። ጓሮ ያለው ሰው ከሳህኑ ጎን አንድ ፍሬ የሚያፈራ ቁጥቋጦ ቢተክል፣ ከቤት በማይኖርበት ቀንም ወፎቹ አይራቡም።

እናንተ ባላችሁበት

ይህን የምታነቡት ሁላችሁም በለንደን አይደላችሁም። አሜሪካ ከሆናችሁ በጓሯችሁ የምታዩት ሮቢን ሌላ ወፍ ነው፤ ከእንግሊዙ በጣም ይበልጣል፤ የብላክበርድ ዘመድ ነው። እሱም የራሰ ዘቢብ ይወዳል። ብሉበርድና ሞኪንግበርድም እንዲሁ። በአንዳንድ አካባቢ ግን የተቀመጠው ምግብ ድብ ይጠራል፤ አስቀድማችሁ ጎረቤት ጠይቁ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከዘቢብና ከቴምር ይልቅ በበጋ የሚያስፈልገው ውኃ ነው። በጥላ ሥር የተቀመጠ ጎድጎድ ያላለ የውኃ ሳህን፣ ትንንሾቹ የሚቆሙበት ድንጋይ መሐሉ ላይ ተደርጎ፣ ከማንኛውም ፍሬ ይበልጣል። አፓርታማ የምትኖሩ ከሆነ በረንዳ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሕንጻው የሚፈቅድ መሆኑን እወቁ፤ ታች ያለው ጎረቤት ርግብና ቆሻሻ እንዳይወርድበት።

በብሪታንያ በየዓመቱ በጥር መጨረሻ ሳምንት ሰዎች ለአንድ ሰዓት በመስኮት ቁጭ ብለው በጓሯቸው የሚያርፉትን ወፎች ይቆጥራሉ። ይህ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረ ነው፤ ያኔ በአብዛኛው የልጆች ሥራ ነበር። እማማና የልጃቸው ልጅም ይቆጥራሉ። የእንግሊዝኛው ስም ለእማማ ስለሚያስቸግራቸው ለሁሉም ስም አውጥተዋል፦ ብላክበርድ «ቢጫ አፍ»፣ ሮቢን «ደረተ ቀይ»፣ ብላክካፕ ደግሞ «አባ ቆቡ»። ልጅቷ በዚህ ጨዋታ መንቁር፣ ላባ፣ ክንፍ፣ ጎጆ፣ ጫጩት የሚሉትን ቃላት ያለ መጽሐፍ ተምራለች።

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» የሚል ምሳሌ አለን። እናንተም ባላችሁበት አገር ያሉትን ወፎች ስማቸውን፣ ቀለማቸውንና የሚበሉትን በአማርኛ ጻፉ። አምስት ወፍ ይበቃል። ቅዳሜ ማታ ሁለት ማንኪያ ዘቢብ ዘፍዝፉ፤ እሑድ ጠዋት ሳህኑን አጥባችሁ፣ ውሻ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡና ከመስኮቱ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። የመጀመሪያው ቀን ማንም ላይመጣ ይችላል። አዲስ ሳህን ሲያዩ ወፎች ይጠራጠራሉ፤ ሦስትና አራት ቀን ስጧቸው።